በግራ በኩል ያለው ሰውዬ

«ሰውዬውን ንገረው እንጂ፣ እጁን ከላዬ ላይ ያንሳ» አለ ታላቅየው፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ።

ታናሽ ወንድሙ፣ ሰው ሁሉ አሞራው የሚለው፣ ምላጩን እንደያዘ ቆም አለ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር ማንም የለም። እጁን ያንሳ የተባለው ሰውዬ፣ በግራ በኩል ብርድ ልብሱ ላይ የተጋደመው እጅ ባለቤት መሆኑ ነው፤ እጁ ደግሞ የራሱ የታላቅየው ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኗል። ስትሮክ ግራ ጎኑን አስሮበታል፤ መታሰሩን ግን አያውቅም፣ ቢነግሩትም አይገባውም። ለእሱ ዓለም የምትጀምረው ከአፍንጫው ጫፍ ወደ ቀኝ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ነው፤ ሳይጠሩት መጥቶ አብሮት የተኛ፣ ቀዝቃዛ፣ ዝምተኛ፣ ክብደቱ የማይቻል ሰውዬ። ቀልድ የማያልቅበት አንድ ጎረቤት ሊጠይቀው መጥቶ «ግራ የገባን እኛ ነን እንጂ፣ እሱማ ነገሩ ሁሉ ቀኝ በቀኝ ሆኖለታል» ብሎ ነበር። ያኔ ቤተሰቡ ስቋል። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱን የደገመው የለም።

ታላቅየው ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበር። አሁንም ጠዋት ጠዋት መስታወት አቁሙልኝ ይልና በቀኝ እጁ ራሱን ይላጫል። የቀኝ ጉንጩን እንደ ሸክላ አለስልሶ፣ የጆሮ ግንዱን ሥር አስተካክሎ፣ አገጩ መሃል ላይ ሲደርስ «ጨረስኩ» ብሎ ምላጩን ያስቀምጣል። ግራው ጉንጭ እንዳለ ነው፤ ጺሙ ባለቤቱ እንደሄደበት ግቢ ያለ ሥርዓት አድጓል። ያንን ግማሽ ፊት ሥራ ከመሄዱ በፊት የሚላጨው አሞራው ነው። ታላቅየው በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ለሙያ ጓደኛ እንደሚመክር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመክረዋል፤ አትቸኩልበት፣ አንገቱ ሥር ያለው ጠጉር ወደ ላይ ነው የሚበቅለው፣ ደግሞ ዝምተኛ ነው፣ ቢቆርጡትም አይናገርም ይለዋል። አሞራው እሺ እያለ ይላጫል። የገዛ ወንድሙን ፊት እየላጨ፣ ወንድሙ ስለ ሌላ ሰው ሲያወራለት መስማት ከለመደ ሰነባብቷል። ወይም የለመደ ይመስለው ነበር።

የዛሬው ግን ሌላ ሆነ። አሞራው እንደ ሁልጊዜው «ያንተ እኮ ነው ወንድምጋሼ» ብሎ ምላጩን አስቀመጠ፣ የደከመውን እጅ በቀኝ እጁ አነሳና ከጣቱ ጀምሮ ወደ ክርኑ፣ ከክርኑም ወደ ትከሻው እያስከተለ አሳየው። የታላቅየው ዓይን እስከ ክርኑ ድረስ ተከተለ፤ እዚያ ሲደርስ እርጥብ ሳሙና እንደረገጠ እግር ተንሸራቶ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ሲመለስ ያረፈው ከፊት ለፊቱ የቆመው የወንድሙ እጅ ላይ ነው፤ ያነሳበት ቀኙ ላይ ሳይሆን የውሃውን ሳህን የያዘው ግራ እጁ ላይ። የሁለቱም እጅ የአባታቸው ነው። ሰፊ አጭር ጥፍር፣ ወደ ውስጥ የቆለመመች ትንሽ ጣት። ታላቅየው አንዱን አየ፣ ሌላውን ለማየት ሞከረ፣ ከዚያ ሲፈልገው የኖረውን ነገር እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ።

«አሁን ገባኝ» አለ። «ያንተ ነው ለካ። ያንተን እጅ ነው ታቅፌ የማድረው። በል፣ ሲያስፈልግህ ና ውሰደው።»

የአሞራው ሚስት ሾርባ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ገብታ ጎድጓዳ ሳህኑን በበሽተኛው ቀኝ በኩል አስቀመጠችለት፣ በግራ ከተቀመጠ አያየውምና። ማንኪያውን እጁ ላይ አድርጋ ስትወጣ ከባሏ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ። አሞራው ምላጩን አለቀለቀና የውሃውን ሳህን ለመያዝ በግራ እጁ ፈንታ ቀኙን ተጠቀመ። ለምን እንዳደረገው አላወቀም።

ከወንድሙ መታመም ጋር አብሮ የመጣ፣ ለማንም ያልነገረው ጉዳይ ነበረው። ታላቅየው ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሟ ወደ ጎን ጠርታ አነጋግራው ነበር። ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የወንድሙ ደም ቅባት በዝቶበት እንደኖረ፣ ቅባቱ በአንድ ቀን ሳይሆን በዓመታት ውስጥ የደም ሥሩን ግድግዳ እየለበጠ እንዳጠበበው፣ ጭንቅላት ውስጥ በቀኝ በኩል ያለው አንዱ ሥር እየጠበበ ጠብቦ በመጨረሻ እንደተዘጋ አስረዳችው። የቀኙ ሥር የሚመግበው ግራውን ጎን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ነው አለችው። እንዲህ ያለው ደም ከቤተሰብ የሚወረስበት ጊዜ ስላለ እሱም ቢመረመር ደግ መሆኑን ነገረችው። እንቢ ማለት ስለከበደው ክንዱን ዘርግቶ ደም ሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ ነርሷ ደወለች፤ ውጤቱ ደርሷል፣ ሐኪሟ ልታነጋግርዎት ትፈልጋለች፣ ባይቆዩ ጥሩ ነው አለችው። እመጣለሁ አላት። ሁለተኛ ስትደውል ሥራ ላይ ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መልሶ ይከታል።

ምክንያት አለው። አሞራው የክሬን ኦፕሬተር ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ታች ያሉት ሠራተኞች አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ሲያዩት፣ እዚያ ላይ መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ነገር ብቻ ስለሚታያቸው አሞራው አሉት፤ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው በዚሁ ስም ትጠራዋለች። ሕመም ያለበትን ሰው ክሬን ላይ የሚያወጣ ድርጅት የለም። ስኳር እንዳለበት የታወቀበት የሥራ ባልደረባው ዛሬ የግንባታው በር ላይ ተቀምጦ የመኪና ታርጋ ያያል። አሞራው ደግሞ ምንም አያመውም። ያንን ሁሉ መሰላል ጠዋት ጠዋት ሳያለከልክ ይወጣል። የታመመው ወንድሙ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ቁርስ ላይ ሚስቱ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ አቀረበችለት። ከወራት ወዲህ ጥብስ የሚባል ነገር ቤቱ አልገባም። ዘይት የሚቀመስ አልሆነም፣ ትናንት የጠየቅኩት ዋጋ ዛሬ የለም እያለች ታማርራለች፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ይበላል። ዛሬም ያንኑ አለች። ስለ ወንድሙ ንግግር አንዳቸውም አላነሱም። ጫማውን ሲያስር ግን በር ላይ ደርሳ ያልጠበቀውን ጠየቀችው፤ ዛሬ ብትቀርስ አለችው። ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ነው አላት። እሺ ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ግንባታው ከሰፊው መንገድ ዳር፣ የታክሲ መጠበቂያው ጀርባ ነው። ሕንፃው ገና አጥንት ነው፤ ግድግዳ የለው፣ መስኮት የለው፣ ወለል በወለል ላይ ብቻ። ጠቋሚው በሩ ላይ ጠበቀው። ጠቋሚው መሬት ላይ ቆሞ በመገናኛ ሬዲዮ «ቀኝ፣ ግራ፣ አውርድ፣ አቁም» የሚለው ሰው ነው፤ አሞራው ከላይ ሆኖ የማያያቸውን ቦታዎች የሚያይለት የእሱ ዓይን ነው። ለዓመታት አብረው ሲሠሩ አንድም ቀን ክሬኑን ወጥቶት አያውቅም። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ሲወጣ ዓምድ አቅፎ ይቆማል፤ ይህንንም አይደብቅም። እኔ መሬት የተሰጠኝ ሰው ነኝ፣ ሰማዩን ለአንተ ትቻለሁ ይለዋል። የዛሬው የመሬት ወሬ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሴት ልጁ ጥርስ ነበር። አሞራው ሰማውና መሰላሉን ያዘ።

ላይ ያለችው ክፍል አንድ ሰው ከነጃኬቱ የምትይዝ ጠባብ ናት። የተላጠ ወንበር፣ የውሃ ጠርሙስ፣ መስታወት መጥረጊያ ጨርቅ፣ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ዘንጎች። የቀኙ ጭነቱን ያነሳል ያወርዳል፤ የግራው የክሬኑን ረጅም ክንድ ያዞራል። እዚያ ላይ ከነፋስ በቀር የሚሰማ የለም። ሰማዩ ጥርት ካለ ከተማዋ እስከ ዳር ትታያለች፤ አሞራውም ጠዋት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ከቆርቆሮዎቹ መካከል የራሱን ጣሪያ ነው። ዛሬም አገኘው። ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ወንድሙ ግማሽ ሾርባውን ጠጥቶ፣ ግማሹን ሳያየው ትቶ፣ የእሱን እጅ ታቅፎ ተኝቷል። ሐሳቡ እንዲህ ብሎ ሲመጣበት ራሱን ታዘበና መስታወቱን መጥረግ ጀመረ።

ረፋዱ ላይ የፌሮ እስር እያነሳ ነበር። ብረቱ ከመሬት ተነስቶ፣ የአጥሩን ከፍታ አልፎ፣ ወደ ሕንፃው አናት እየወጣ ነው። ጠቋሚው «ግራ፣ ቀስ ብለህ ግራ» አለው። ክንዱ መዞር ጀመረ። አሞራው ወደ ታች አየ፤ ዓይኑ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ያዘው። ግራው ዘንግ ላይ እጅ አለ። የሰው እጅ። ሰፊ አጭር ጥፍር ያለው፣ ትንሽ ጣቱ የቆለመመ። ማን ገባ ብሎ አሰበ። አልደነገጠም፤ በኋላ ሲያስበው አጥንቱን ያቀዘቀዘው አለመደንገጡ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ሰው ሲመጣበት እንደሚያደርግ ሰው ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ጠጋ አለለት። እንግዳው ዝም ብሎ ዘንጉን ወደ ግራ ተጭኗል። ክንዱ ይዞራል። ብረቱ የሕንፃውን አናት አልፎ፣ አጥሩን አልፎ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ላይ ሊደርስ ነው። ሬዲዮው ውስጥ አንድ ድምፅ ደጋግሞ «አቁም» ይላል። አሞራው ትዕዛዙ ለእንግዳው የተሰጠ መሰለው። ለምን አያቆምም ብሎ ታዘበው።

ያነቃው ድምፁ መሰበሩ ነው። ጠቋሚው መጮኹን ትቶ በሚለምን ድምፅ፣ በልጅነት ስሙ ጠራው፤ ከእናቱ በቀር ማንም የማይጠራበትን፣ አንድ ቀን ሲያወሩ የነገረውን ስም። አሞራው ቀኝ እጁን ሰደደና የእንግዳውን አንጓ ጨመደደ። ሞቃት ነው። እርጥብ አሸዋ እንደሞላ ከረጢት ከባድ ነው። ነቅሎ ወደ ጎን ጣለው፤ ሲጥለው የገዛ ትከሻው አብሮ ተጎተተ። ዘንጉ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ክንዱ እየተንገጫገጨ ቆመ። የብረቱ እስር ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም መንገዱ ላይ ተወዛወዘ፣ ሄደ፣ መጣ። ከሥሩ ሰዎች ስልካቸውን እያዩ፣ ጋዜጣ አጣጥፈው ከፀሐይ እየተጠለሉ ተሰልፈዋል። ጥላው በራሳቸው ላይ ሲያልፍ ቀና ያለ አንድም አልነበረም።

ውዝዋዜው እስኪበርድ ጠበቀ። ቀኝ እጁን ወደ ግራ አሻግሮ ክንዱን ጥቂት አዞረ፤ መልሶ ወደ ቀኙ ዘንግ አመጣው፤ እንዲህ እየተመላለሰ ብረቱን አጥሩ ውስጥ አስገባና መሬት ላይ አሳረፈው። ጠቋሚው ብረቱን ከመንጠቆው አላቀቀ። ከዚያ ምን እንደነካው ጠየቀው። ነፋስ ነው ሊለው አስቦ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ወፍራም ሆኖ የወጣው ቃል ለራሱም አልገባውም። ምን አልክ ተባለ። ወንበሩ ጎን የተንጠለጠለውን እጅ ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ቀስ እያለ ጉንዳን የወረረው ያህል ነዘረው፤ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ጨበጠው፣ ዘረጋው። ጤነኛ እጅ ሆነ። ምላሱም ተፈታ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር፤ ለማንም የሚያሳየው ምልክት አልቀረለትም።

የሠራተኞቹ አለቃ ፎርማኑ ሬዲዮውን ከጠቋሚው ተቀበለ። የኮንክሪት መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ ድብልቁ መኪና ውስጥ ሊደርቅ ነው፣ ነፋስ ከሆነ ነፋሱ አልፏልና ቀጥል አለው። አሞራው ሁለቱን ዘንጎች አየ። መቀጠል ይችላል። እጁ እሺ ብሎታል። ያኔ ወንድሙ ከመውደቁ ጥቂት ቀን በፊት ያየው ነገር መጣበት። ፀጉር ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቅ ነበር። ወንድሙ በቀኙ መቀስ ይዞ፣ በግራው እያበጠረ የአንድ ደንበኛ ፀጉር ይቆርጣል። ግራ እጁ ውስጥ ግን ማበጠሪያ አልነበረም። ወድቋል። ወንድሙ ሳያውቅ ባዶ ጣቱን በደንበኛው ፀጉር ውስጥ እያንሸራተተ፣ መቀሱን እያስከተለ፣ ያወራ ነበር። ደንበኛው በመስታወት አይቶ ሳቀ። አሞራውም ሳቀ። ወንድሙ ወለሉ ላይ ያለውን ማበጠሪያ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ አየውና ሌላ ማበጠሪያ አነሳ። ስለዚያ ቀን በኋላ ያወራ የለም።

ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። እወርዳለሁ አለ። ፎርማኑ ከወረድክ ነገ የምትወጣበት እንዳይመስልህ አለው። ግቢው ውስጥ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ይሰማል።

«እጄ ሞቶብኝ ነበር» አለ አሞራው። «ያሁኑ ነፋስ አይደለም። ወንድሜንም የጀመረው እንዲህ ነው። እወርዳለሁ።»

አሞራው የክሬኑን ክንድ የሚይዘውን ፍሬን ለቀቀ፤ ሰው የሌለበት ክሬን ነፋስን መታገል የለበትም፣ ወደ ወሰደው ዝም ብሎ መዞር አለበት። ከዚያ በሩን ከፍቶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ያንን መሰላል ዓይኑን ጨፍኖ የሚወርደው ነበር። አሁን ግን ግራ እጁን በዓይኑ ሳያይ አላመነውም፤ ብረቱን መያዙ ይሰማዋል፣ መሰማቱ ግን ማስረጃ አልሆነለትም። እያንዳንዱን መጨበጥ ቆሞ እያየ ወረደ። መሃል ላይ ሲደርስ ከሥሩ የሰው ትንፋሽ ሰማ። ጠቋሚው ነው። ዓይኑን አጥብቆ ጨፍኖ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ መሰላሉን ታቅፎ እዚያ ድረስ ወጥቷል። ምን ልትሠራ መጣህ አለው። ብትወድቅ እኔ ላይ እንድትወድቅ ነው አለ ጠቋሚው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ሁለቱ ተያይዘው ወረዱ፤ ማን ማንን እንዳወረደ አልታወቀም።

ሆስፒታሉ ወንድሙ ተኝቶበት የነበረው ነው፤ ሐኪሟም ያችው ናት። ጠቋሚው እስኪያስገባው ድረስ ክንዱን አልለቀቀም። ጭንቅላቱን በሚጮኸው ማሽን አነሱት፣ ደሙን ቀዱት። ሐኪሟ ሥዕሉን አምጥታ አሳየችው። ነጭ ሥሮች በጥቁር ላይ፣ እንደ ጅረት ተከፋፍለው። በቀኝ በኩል አንዱ ጅረት መጥቶ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ክር ያህል ይቀጥናል፣ ከዚያ እንደገና ይሰፋል። የወንድሙ የተዘጋው እዚሁ ቦታ ላይ መሆኑን ነገረችው። የእሱ ገና አልተዘጋም፤ የረፋዱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ ላይሰጠው ይችላል። የደሙ ቅባት ከወራት በፊትም በጣም ከፍ ያለ እንደነበር አስታወሰችው። ነርሷ ደውላልዎት ነበር አይደል አለች። አዎ አላት። አልገሠጸችውም። መድኃኒት አስጀመረችው፣ መስኮት ዳር አልጋ ሰጠችው፣ ክሬን የሚባል ነገር ከእንግዲህ እንደማይታሰብ በዝግታ ነገረችው። አንድ ነገር ደግማ ደጋግማ አሳሰበችው፤ እጅዎ፣ እግርዎ፣ አፍዎ ላይ ለውጥ ካዩ ያልፋል ብለው አይጠብቁ፣ ወዲያው ይጥሩን። ነርሷም በየመሃሉ እየመጣች ዓይን አስጨፍና ሁለት እጁን ታስዘረጋዋለች። የደከመ እጅ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ እስካሁን ሁለቱም ላይ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ አጠገቡ የተኛው ሽማግሌ በመስኮቱ እያየ፣ እነዚያ ሰዎች ዛሬ ሥራ አይፈቱም እንዴ አለ። አሞራው ዞሮ አየ። ከቤቶቹ በላይ ክሬኑ በርቀት ይታያል። ረጅሙ ክንድ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል፣ ያመነታል፣ ይመለሳል። ሰው የለበትም አለው ለሽማግሌው፣ ነፋስ ነው። ሽማግሌው አላመነውም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይታየኛል አለ። አሞራው መልሶ ለማየት አልደፈረም።

ሚስቱ የመጣችው ልብሱን በፌስታል ይዛ ነው። ወንድሙን ለዚያ ለቀልደኛው ጎረቤት አደራ ብላ ትታዋለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ አንሶላውን አስተካከለች፣ ፌስታሉን ፈትታ መልሳ አሰረችው። ጠቋሚው በስልክ ሁሉንም ነግሯታል። ወንድምጋሼስ አላት። ደህና ነው አለች፤ ቀጥሎ ግን ፈራ ተባ እያለች የቀረውን ነገረችው። ረፋዱ ላይ ልብስ እያሰጣች ሳለ ሲያወራ ሰማችው። ስትገባ ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ፣ በር ላይ ለቆመ ሰው ዕቃ እንደሚያቀብል ሰው ወደ በሩ ዘርግቶታል። ማነው ወንድምጋሼ ብትለው፣ «እጁን ሊወስድ መጥቶ ነው፣ አትከልክይው» አላት። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ከዚያ ምሳውን አንድም ሳያስቀር ጨርሶ፣ ከታመመ ወዲህ ያልተኛውን እንቅልፍ ተኛ።

አሞራው ረፋዱ ላይ መቼ እንደሆነ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ተወው። ጣሪያውን እያየ ስለ ደሙ ውጤት እንዴት እንደሚጀምርላት ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ቀደመችው።

«ነርሷ ለእኔም ደውላልኝ ነበር» አለች። «አንተ ስልክ አላነሳ ስትላት። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። እዚያ ላይ ሆነህ እንድትፈራ አልፈለግሁም።»

ያን ጊዜ የተቀቀለው እንቁላል ገባው፤ ዘይቱም፣ ዋጋውም፣ ጠዋት ብትቀርስ ያለችውም። ለወራት አንድ አልጋ ላይ እየተኙ፣ እያንዳንዳቸው ያንኑ ነገር ከሌላው ደብቀው ኖረዋል። ይቆጣት እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። አልሆነለትም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ነርሷ ከመምጣቷ በፊት እኔ ልፈትንህ አለች ሚስቱ፣ ለመቀለድ ያህል። ዓይኑን ጨፈነ። መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ቀኙ እንደተዘረጋ ይሰማዋል፤ ግራውም ይሰማዋል፤ ሁለቱም እኩል አየር ላይ ናቸው። ጥቂት ቆየ።

«ሁለቱም ላይ ናቸው?» አለ።

«ናቸው» አለች። ድምፁ ግን የእሷ አልመሰለውም።

ዓይኑን ገለጠ። እውነቷን ነው፣ ሁለቱም ላይ ናቸው። ቀኙ ለብቻው ቆሟል። ከግራው ሥር ግን የሚስቱ መዳፍ አለ። ደግፋ ይዛዋለች፤ ሙቀቷም፣ ጣቶቿም ቅንጣት አልተሰሙትም። የምታየው እጁን ሳይሆን ፊቱን ነው። የፊቱ ግራ ጎን ወደ ታች እንደወረደ ከዓይኗ አወቀው።

«ልቀቂው» አላት። ምላሱ ተሳስሯል።

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ልቀቂውና ሂጂ ጥሪያቸው። ዝም መባባሉ ይብቃን።»

ለቀቀችው። እጁ ድምፅ ሳያሰማ አንሶላው ላይ ወደቀ። ሚስቱ በኖረችበት ዕድሜ ከቤቷ ደጃፍ አልፎ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናት፤ ኮሪደሩን እየሮጠች፣ ነርሷንም ሐኪሟንም እግዜርንም ባንድ ላይ እየጠራች ስትጮህ ሕንፃው ሙሉ ሰማት። ያ ጩኸት ነው የጠቀመው፤ በኋላ ሐኪሟ እንደተናገረችው፣ ደርሰው የተዘጋውን ሥር በጊዜ ለመክፈት የቻሉት ጥቂት እንኳ ስላልዘገዩ ነው። አሞራው በዚያ ሰዓት ይህን አላወቀም። እሱ የሚያውቀው የጫማ ኮቴ እየቀረበ መሆኑንና፣ አጠገቡ የተጋደመው እጅ እንደገና የእንግዳ እየመሰለው መምጣቱን ብቻ ነው። በቀኝ እጁ አንጓውን ያዘ፣ አነሳና ደረቱ ላይ አሳረፈው። «የኔ ነው» አለ በተሳሰረ ምላሱ። እንደገና «የኔ ነው» አለ። እንዳይረሳው እየደጋገመ፣ እስኪደርሱለት ድረስ ጨብጦ ጠበቃቸው።